ቆንጆ ነው፤ የማን ነው?

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የጻፈችውን አጭር ትዝታ እንዳርምላት ሰጠችኝ። አረምኩላት። የተቆራረጡትን ዐረፍተ ነገሮች አገጣጠምኩ፣ የተደጋገመውን ቃል ነቀልኩ፣ ወሬ ወሬ የሚለውን ሁሉ ወደ «ጽሑፍ አማርኛ» መለስኩ። ወረቀቱን ስሰጣት እዚያው ቆማ አነበበችው። ጨርሳ ቀና አለችና «ቆንጆ ነው» አለችኝ። ትንሽ ቆየችና ደግሞ፣ «የማን ነው?»

አልተቀየመችም፣ እየቀለደችም አልነበረም። የምሯን ነው የጠየቀችው። ወረቀቱ ላይ ያለው ነገር አንድ ሳይቀር የእሷ ነው፤ እናቷ፣ የስፌት መኪናው፣ ማታው። የጨመርኩትም የቀነስኩትም ፍሬ ነገር ያለ አልመሰለኝም። ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል ይላሉ። የቀደድኩት እኔ መሆኔ ወዲያው ገብቶኛል፤ የቱ ጋ እንደቀደድኩት ለማየት ግን ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ቃል በቃል መቁጠር አስፈለገ።

## ሠላሳ ቃል፣ ሃያ ዘጠኝ ቃል

የእሷ እንዲህ ይላል፦

«እናቴ የስፌት መኪናዋን ዘይት የምታጠጣው ማታ ነበር። ማታ፣ ሁላችንም ስንተኛ። ለምን ማታ? እኔ እኮ ጠይቄያት አላውቅም። መኪናው ይንጫጫል፣ ትሰማዋለች፣ ጠብ ታደርግበታለች፣ ዝም ይላል። ልክ እንደ ሕፃን። ሲነጋ ያው ሥራ ነው።»

የእኔ «እርማት» ደግሞ፦

«እናቴ የስፌት መኪናዋን በየምሽቱ ሁላችንም ከተኛን በኋላ ዘይት ታጠጣው ነበር። ምክንያቱን ጠይቄያት ባላውቅም መኪናው ድምፅ ሲያሰማ ዘይት ጠብ በማድረግ ጸጥ ታሰኘው እንደነበር አስታውሳለሁ። በማግስቱም ወደ ተለመደው ሥራዋ ትመለስ ነበር።»

የእሷ 30 ቃል ነው፣ የእኔ 29። እሷ ሠላሳውን በ7 ዐረፍተ ነገር አከፋፍላዋለች፤ እኔ በ3 ጠቅልዬዋለሁ። የዐረፍተ ነገሮቿን ርዝመት በቃል ቆጥረን በተርታ ብናስቀምጠው 7፣ 3፣ 2፣ 4፣ 7፣ 3፣ 4 ይመጣል። የእኔ 10፣ 13፣ 6። የእሷን ረድፍ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው እንኳ ትንፋሹን ይሰማዋል፤ ወርዶ ወርዶ ሁለት ላይ ይደርስና ተመልሶ ይወጣል። ሁለት ላይ የደረሰው «ለምን ማታ?» ጋ ነው። የጽሑፉ ልብ ያለው እዚያ ነው፣ እኔ ግን «ምክንያቱን» በሚል አንድ ስም ቀብሬዋለሁ።

መጨረሻዎቹን እንይ። የእሷ ሰባት ዐረፍተ ነገሮች የሚያልቁት በነበር፣ በስንተኛ፣ በማታ፣ በአላውቅም፣ በይላል፣ በሕፃን እና በነው ነው። ሰባት ዐረፍተ ነገር፣ ሰባት ማሳረጊያ። የእኔ ሦስቱ፦ ነበር፣ አስታውሳለሁ፣ ነበር። ግሥን ጫፍ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ስንጽፍ ጆሮ ላይ ደጋግሞ የሚያርፈው ይህ ጫፍ ነው። ነው፣ ነበር፣ ነው፣ ነበር እያለ የሚሄድ ገጽ ሐሳቡ የቱን ያህል ቢራቀቅ ሚስማር እንደመምታት ይሆናል።

«የምታጠጣው ማታ ነበር» ያለችውን «በየምሽቱ ታጠጣው ነበር» ማለቴ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ይመስለኛል፤ ሰዋስዉ ንጹሕ ስለሆነ ስሕተትነቱ አይታይማ። የእሷ አነጋገር ጣቱን የሚቀስረው ሰዓቱ ላይ ነው። ዘይት ማጠጣቷ የታወቀ ነገር ነው፤ የሚገርመው ማታ መሆኑ ነው። ቀጥላ «ማታ» ብላ የደገመችው፣ ከዚያም የጠየቀችው ለዚሁ ነው። ሦስቱንም ማታ «ድግግሞሽ» ብዬ ነቀልኩና በቦታቸው «በየምሽቱ» ተከልኩ። እሷ እኮ በየቀኑ አላለችም። የእናቲቱን ልማድ ያበዛሁት እኔ ነኝ።

የጊዜ ቅደም ተከተሉንም «አስተካክያለሁ»። እሷ በነበር ጀምራ በመካከል «ይንጫጫል፣ ትሰማዋለች» ወደሚል የአሁን ጊዜ ዘላ ትገባለች። ትምህርት ቤት የተማርነው ሕግ ይህን ያርማል። ነገር ግን ዝላዩ በር ነው፤ አንባቢው እስከዚያ ድረስ ውጭ ቆሞ ሲሰማ የነበረ ሰው ነው፣ «ይንጫጫል» ሲባል ክፍሉ ውስጥ ገብቷል። አራቱ ግሦች ያለ «እና»፣ ያለ «ከዚያ»፣ ያለ «በማድረግ» የተከታተሉት እጇ ያን ያህል ፈጣን ስለነበረ ነው። «አስታውሳለሁ» ስል ደግሞ እናትየዋን ገፋ አድርጌ ተራኪዋን መሐል አስቀመጥኩ። «ያው»ን «የተለመደው» አልኩት። «ያው» ውስጥ ድካምም አለ፣ መላመድም አለ፣ ትንሽ ትከሻ መነቅነቅም አለ። «የተለመደው» ውስጥ ያለው ልማድ ብቻ ነው።

## እጅ ሳያስብ የሚጽፋቸው

የአንድ ጸሐፊ ድምፅ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ትልልቁን ነገር ነው፤ ብርቅ ቃል፣ ያልተሰማ ንጽጽር፣ ጠበቅ ያለ አባባል። ትልልቁ ነገር ግን ይዋሳል። ደስ ያለህን ቃል ከሰው ሰምተህ ነገ ትጽፈዋለህ። የማይዋሰው ትንሹ ነው።

ይህ በቁጥር የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1787 እና 1788 የአሜሪካ ሕገ መንግሥት እንዲጸድቅ ለማግባባት 85 መጣጥፎች «ፐብሊየስ» በሚል አንድ የብዕር ስም ወጡ። ጸሐፊዎቹ ሦስት ነበሩ፦ አሌክሳንደር ሐሚልተን፣ ጄምስ ማዲሰን እና ጆን ጄይ። ከመጣጥፎቹ 12ቱ የሐሚልተን ይሁኑ የማዲሰን ሲያከራክሩ ኖሩ። የሁለቱ ሰዎች ርእሰ ጉዳይ አንድ፣ ዘመናቸው አንድ፣ ያጌጠው እንግሊዝኛቸውም አንድ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ፍሬድሪክ ሞስቴለር እና ዴቪድ ዋላስ የተባሉ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ጥናታቸውን ሲያሳትሙ መልሱን ያገኙት ማንም ልብ ከማይላቸው ቃላት ነበር። «ላይ» እንደማለት ያለችውን «አፖን» ሐሚልተን በአንድ ሺህ ቃል ውስጥ 3 ጊዜ ያህል ይጠቀማታል፤ ማዲሰን ጋ በሺህ ቃል አንዴ እንኳ አትሞላም። አከራካሪዎቹ 12 መጣጥፎች በእሷም በሌሎቹ ትንንሽ ቃላትም ሚዛናቸው ወደ ማዲሰን ደፋ።

ሆነ ብሎ የተደበቀም አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሮበርት ጋልብሬዝ በሚል ስም የወጣ የወንጀል ልብ ወለድ የማን እንደሆነ ጥቆማ የደረሰው ጋዜጣ መጽሐፉን ለባለሙያ አስመረመረ። ፓትሪክ ጁላ የቃላቱን ርዝመት፣ በብዛት የሚደጋገሙትን 100 ቃላት፣ የፊደላቱንና የቃላቱን አቀማመጥ ከአራት ደራስያን ሥራዎች ጋር አስተያየ። ውጤቱ ወደ «ሃሪ ፖተር» ደራሲ ወደ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ አመለከተ፣ እሷም አመነች። ስሟን፣ የምትጽፍበትን ዓይነት፣ የሚያነቧትን ሰዎች ቀይራለች። የትንንሾቹ ቃላት ልማድ ግን አብሯት መጥቷል።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ቀዳዳው ብዙ ነው። «ልጁ መጣ» ዜና ነው። «ልጁም መጣ» ካልን ሌላ የመጣ አለ። «ልጁማ መጣ» ካልን የቀረ ሰው አለ፣ ምናልባትም ጠብ አለ። «ልጁ እኮ መጣ» ስንል ሰሚው አላወቀም፣ ወይ ዘንግቷል፣ ወይ ሊክድ ነው። «ልጁ እንኳ መጣ» ሲሆን ወቀሳ ነው፤ ወቀሳው ለልጁ ሳይሆን ላልመጣው ነው። «መጣ እንጂ ልጁ» ውስጥ የተጠራጠረ ሰው ነበር። ድርጊቱ አንድ፣ ግሡ አንድ። የሚለየው ተናጋሪው ከሰሚው ጋር ያለው ነገር ነው። አንድ ጸሐፊ ከእነዚህ መካከል እጁ የሚያዘወትራቸው ሦስት አራት አሉት፤ ሌሎቹን ከዓመት እስከ ዓመት አይነካቸውም። «እኮ» የሚያበዛ ሰው ዘወትር ከፊቱ የሚከራከረው ሰው ያለ ይመስለዋል። «ማ» የሚያበዛ እየመረጠ፣ እየለየ፣ ዓይኑን እየጠቀሰ ነው የሚያወራው።

ግሥን ማያያዝም እንዲሁ ነው። «ተነሣ። ለበሰ። ወጣ።» ብሎ የሚጽፍ ሰው ከእያንዳንዱ ድርጊት በኋላ ቆሞ ያያል። «ተነሥቶ ለብሶ ወጣ» የሚለው መውጣቱን ነው የሚፈልገው፤ መነሣቱም መልበሱም መንገድ ናቸው። «ተነሣና ለበሰና ወጣ» የሚለው ደግሞ ትንፋሽ ሳይወስድ የሚያወራ ነው፣ ወይም ሕፃን። ሦስቱም ትክክል ናቸው፣ አንዱን ከአንዱ ማስበለጥም አይቻልም። ችግር የሚመጣው «ተነሥቶ ለብሶ» በሚል እጅ የተጻፈው ላይ ነጥብ እየደነቀሩ ሲቆራርጡት ነው፤ ወይም እኔ እንዳደረግኩት የተቆረጠውን ሲሰፉት።

በግጥም ይህ ትንፋሽ ስም እስከማግኘት ይደርሳል። የአማርኛ ግጥም ብዙ የኖረበት ወል ቤት ስንኙን ስድስት ስድስት ቀለም (የቃል ድምፅ ክፍል) አድርጎ ለሁለት የሚከፍል ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስምንት ስምንት አደረገው፣ ምጣኔው እስከ ዛሬ ጸጋዬ ቤት ይባላል። ሁለት ቀለም ምን ያህል ነው? ለእሱ ግን ስድስቱ ጠብቦታል።

አክብሮትም ድምፅ ነው። «እናቴ የምታጠጣው» እና «እናቴ የሚያጠጡት» ሁለት የተለያዩ ቤቶች ናቸው፤ ሁለተኛው ውስጥ ልጅቷ ተነሥታ ነው የምትመልሰው። «መኪናው ይንጫጫል» ፋንታ «መኪናዋ ትንጫጫለች» ቢባል ኖሮ መኪናዋ ትንሽና ተወዳጅ ትሆን ነበር። ግዑዝ ነገርን በሴት ወይም በወንድ መጥራት ለጸሐፊ የተተወ ነገር ስለሆነ፣ አራሚ እጁን ከማስገባቱ በፊት ሁለት ጊዜ ማሰብ አለበት።

## አሻራ ሁሉም አለው

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ፤ ካልተለየ የሚመጣው ነገር ስለሚያናድደኝ። «እያንዳንዱ ጸሐፊ ልዩ ነው» ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን ሙገሳ አይደለም። አሻራም እያንዳንዱ ልዩ ነው፣ ስለ አሻራው የተመሰገነ ሰው ግን የለም። ሀ እና ሐን የማይለይ፣ ከእያንዳንዱ ሐሳብ በኋላ ሦስት ነጥብ የሚደረድር ሰው ከሺህ መካከል ይለያል። ቆጣሪ ማሽን ያውቀዋል። ይህ አሻራ ነው።

ድምፅ የምለው አሻራው ሥራ ሲያገኝ ነው። ባልደረባዬ ማታን ሦስት ጊዜ መደጋገሟ ልማድ ሊሆን ይችላል፤ በሌላ ጽሑፏም ቃል ስትደጋግም አይቻታለሁ። እዚህ ግን ልማዱ ያልተመለሰ ጥያቄን ተሸክሟል። በሌላ ገጽ ያው ልማድ ምንም ሳይሸከም ቢመጣ እነቅለዋለሁ፣ አሁንም። ልዩነቱን ለማወቅ ሌላ መንገድ የለም፤ ቃሉን አንሥቶ ማንበብ ነው። ሲነሣ ዐረፍተ ነገሩ ሌላ ነገር ካለ ቃሉ ይመለሳል። ምንም ካልተለወጠ ይቅር።

ከቃል በፊት ደግሞ ዓይን አለ። አምስት ሰዎች ባዶ ክፍል ውስጥ የተከፈተ በር ቢያዩ አንዱ «በሩ ክፍት ነበር» ብሎ ያልፋል። ሁለተኛው «ማን ከፍቶት ሄደ?» ይላል። ሦስተኛው «በበሩ የገባው ብርሃን ወንበሩ እግር ጋ ደርሶ ቆሟል» ብሎ ይጽፋል። አራተኛው «ማጠፊያው ዝጓል፤ እንዲህ ያለ በር ገጥሞ አይዘጋም» የሚል አናጢ ነው። አምስተኛው በሩን ሳያየው ክፍሉ እንደበረደው ይነግረናል። ከአምስቱ እኔን የሚያስቀናኝ አናጢው ነው። አላጌጠም፣ የሚያውቀውን ነው የተናገረው፤ ያንን ዐረፍተ ነገር ግን ሌሎቹ አራቱ ሊጽፉት አይችሉም። ስለዚህ ድምፁን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ እጁ የሚያውቀውን ሥራ ቢዘረዝር ይሻለዋል። ሒሳብ የሚሠራ ሰው የሚጎድለውን ያያል፤ ሕፃናት ያሳደገ ሰው ከጸጥታ ውስጥ አደጋ ይሰማል።

## የራስን ድምፅ እንዴት እንደሚያገኙት

«ራስህን ሁን» የሚል ምክር ለጸሐፊ ከንቱ ነው። እጅ የሚይዘው ነገር ያስፈልጋል። እኔ አዋጭ ሆኖ ያየሁት መንገድ ይህ ነው።

በተለያየ ጊዜና ለተለያየ ሰው የጻፍካቸውን ሦስት ጽሑፎች ውሰድ፤ እያንዳንዳቸው 300 ቃል ያህል ይሁኑ። አንዱ ለቅርብ ሰው በስልክ የላክኸው መልእክት ቢሆን መልካም ነው፤ እዚያ ላይ ማንም አይጠነቀቅም። ከእያንዳንዱ አሥር ተከታታይ ዐረፍተ ነገሮች መርጠህ ቃላቸውን ቁጠርና ቁጥሩን በተርታ ጻፍ። ከዚያ ማሳረጊያዎቹን አስምርባቸው፤ ከአሥሩ ስንቱ በነው ወይም በነበር ያልቃል? ስድስት ሰባት ከሆነ ጽሑፉ ማብራሪያ እየሰጠ ነው እንጂ እያሳየ አይደለም ብዬ እጠረጥራለሁ። ቀጥሎ እኮ፣ እንጂ፣ ማ፣ ስ፣ እንኳ፣ ያው፣ ታዲያ፣ ግን፣ ደግሞ የሚሉትን ክበብ። በሦስቱም ጽሑፎች ላይ የተከበቡት የአንተ ናቸው። በመልእክቱ ላይ ኖረው በ«ቁም ነገሩ» ጽሑፍ ላይ የጠፉትን ለብቻ ጻፋቸው፤ ራስህን ስታርም የምትገድላቸው እነሱን ነው።

አራተኛ ጽሑፍም ጨምር፣ ይኸኛው የሚነገር ነው። ልትጽፈው ያሰብከውን ነገር ለ3 ደቂቃ ለምታውቀው ሰው በቃልህ አውራለት፣ በስልክህ ቅዳው። ሳታርም ገልብጠው። እንዳለ ለአንባቢ ልትሰጠው አይሆንም፤ የሚሳሳተው ሰው የሚበዛው እዚህ ነው። ንግግር ዓይንና እጅ ይረዳዋል፣ ወረቀት ላይ ሲወርድ «ማለት ነው»፣ «እንትን»፣ «ገባህ አይደል?» ብቻ ተርፎ ያደክማል። ከቅጂው የምትፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ወሬውን ከየት ጀመርክ? የቱ ጋ ፈጠንክ? ሰው ሲያወራ ከሚያስገርመው ነገር ይጀምራል። ሲጽፍ ከ«ዳራ» ይጀምራል። ሁለቱ መነሻዎች ከተለያዩ የወሬውን ምረጥ።

መኮረጅን የሚከለክሉ አሉ፤ እኔ አልከለክልም። የምታደንቀውን ጸሐፊ አንድ ገጽ በእጅህ ገልብጥ፣ ከዚያ መጽሐፉን ዝጋና የራስህን ጉዳይ በዚያው የዐረፍተ ነገር ርዝመት ለመጻፍ ሞክር። እጅህ የሚያምፅበት ቦታ ይመጣል፤ ሰውየው አጭር ያደረገውን አንተ ማስረዘም ትፈልጋለህ። ያ ቦታ ላይ ምልክት አድርግ። የተኮረጀውን ረቂቅ ጣለው፣ ምልክቱን ያዝ። አደጋው ምልክቱን ጥሎ ረቂቁን የያዘ እንደሆነ ነው፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ። ጸሐፊው ዐረፍተ ነገሩን ያሳጠረው የሚናገረው ነገር ስላስቸኮለው ሊሆን ይችላል፤ ያንተ ጉዳይ የማያስቸኩል ከሆነ እጥረቱ ቁጣ ይመስላል።

## ማን ይገድለዋል

ዋናው ገዳይ ማንም ያልጻፈው አማርኛ ነው። «ተወያዩ» ሲባል ሰዎች ይታያሉ። «ውይይት አካሄዱ» ሲባል ትንሽ ይርቃሉ። «ውይይት የማካሄድ ሥራ ተሠርቷል» ሲባል ሰው የለም። «ዝናብ የመዝነብ ሁኔታ ነው ያለው» የሚል ሰው መስኮት አጠገብ ቆሞ ሊሆን ይችላል፣ ግን አልረጠበም። «ከዚህ ጋር በተያያዘ»፣ «እንደሚታወቀው»፣ «ከማድረግ አንጻር» የሚሉት ሐረጎች አድራጊውን ለመሸሸግ በጣም ይመቻሉ፤ ለስብሰባ የተወለዱት ለዚህ ይመስለኛል። የእኔ «ጠብ በማድረግ» የዚሁ ዘር ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ «ማድረግ»፣ «ማካሄድ»፣ «ማከናወን» ያለበትን ቦታ ፈልጎ ከጎኑ የታሰረውን ስም ወደ ግሥ መመለስ፤ ከዚያ «ማን?» ብሎ መጠየቅ። መልስ ከሌለ ዐረፍተ ነገሩ ገና አልተጻፈም።

ጽሑፍ የሚያቃኑ ፕሮግራሞችም ከዚሁ ወገን ናቸው። በአመዛኙ የሚመርጡት ከብዙ ጽሑፍ ውስጥ አዘውትሮ የታየውን ነው፤ «ያው»ን ሰጥተሃቸው «የተለመደው» ብለው ቢመልሱልህ አይገርምም። የፊደል ስሕተት ይልቀሙ፣ ግድ የለም። ማሳረጊያውን ግን አይንኩት።

ሌላው ገዳይ ጌጥ ነው። ሲያጌጡ ይመላለጡ። ግዕዝ ቀመስ ቃል በቦታው ሲውል ገጹን ያከብደዋል፤ በየመስመሩ ሲገባ ጸሐፊው ካባ ደርቦ ዕቃ ሲያጥብ ይታየኛል። ተረትና ምሳሌም እንዲሁ ነው። ተረት የሁሉም ድምፅ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ገጽ ሦስት ከሆነ የሚያወራው ሌላ ሰው ነው። (ይህን የምለው በጽሑፉ ሦስት ጥዬ ነው፤ አራተኛው ታች ይመጣል።)

ከሁሉም የሚከብደው የራስ ልማድ ሲበዛ ነው። ጸሐፊ አንድ ቀን «እኮ»ው እንደሚያምርበት ይነገረዋል፣ ከዚያ ወዲያ እያወቀ ይዘራዋል። በሺህ ቃል ውስጥ 12 «እኮ» ሲገጥመኝ 4 ለመተው እሞክራለሁ። የትኞቹን? ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። እያንዳንዱን አንሥቼ አነባለሁ፣ ዐረፍተ ነገሩ ያለ እሱ የሚከራከረውን ሰው ያጣ እንደሆነ እመልሰዋለሁ። ከአራቱ ከበለጠም እተወዋለሁ፤ ቁጥሩ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

## ሁለት ቀለም ብዕር

አሁን የሰው ጽሑፍ ሳርም ሁለት ቀለም ብዕር ይዤ ነው። በቀይ የማሰምረው ስሕተት የሆነውን ብቻ ነው፤ የተዛነፈ ቁጥር፣ የተሳሳተ ፊደል፣ «እሷ» ማን እንደሆነች ያልለየ ዐረፍተ ነገር። በሰማያዊ የማሰምረው እኔ ብሆን ኖሮ እንዲያ የማልጽፈውን ነው። ቀዩን አርማለሁ፣ ሰማያዊውን አልነካም። ሰማያዊው ላይ ጥያቄ እጽፋለሁ፣ ትእዛዝ አልጽፍም፦ «ይህ ሆን ተብሎ ነው?» ከዚያ አንድ ሌሊት አሳድረዋለሁ። በማግስቱ ጮክ ብዬ ሳነበው ምላሴን ያደናቀፈኝ ከሰማያዊዎቹ ውስጥ የትኛው እንደሆነ አያለሁ። ካላደናቀፈኝ ጥያቄውንም እሰርዘዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ከሰማያዊው የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ያስከፋኝ የነበረው የሌላ ሰው መሆኑ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ይህ አካሄድ ጊዜ ይፈጃል፣ የችኮላ ሥራ ላይም አይሠራም። ለመመሪያ፣ ለውል፣ ለመድኃኒት አወሳሰድ ማብራሪያ ሁሉን በቀይ ማድረግ ተገቢ ነው፤ እዚያ የሚፈለገው ሰው ሳይሆን ግልጽነት ነው።

የባልደረባዬን ወረቀት በዚህ መንገድ እንደገና አነበብኩት። ቀይ አልነበረውም። ሰማያዊ ስድስት ቦታ ወጣ፤ ሌሊቱን ካደረ በኋላ የቀረው አንድ ነው፣ «ልክ እንደ ሕፃን» የሚለው። «ዝም ይላል» ካለች በኋላ ሕፃኑ ያስፈልጋል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። የመጀመሪያውን ጽሑፏን መልሳ ወሰደችና ብዙ አየችው። ሕፃኑን አላወጣችም። «ልክ»ን ሰረዘችና ሰጠችኝ።

«እንደ ሕፃን።»

ቆጠርኩት። የእሷም 29 ሆነ።